በራሱ ስም

ቁጥር አርባ ሦስት፣ በበረዶ ታጅቦ፣
ከገበያ መጣ፣ በላስቲክ ተከቦ።
ራስ የለው፣ ጭራ የለው፣ ቅርፊቱ ተገፎ፣
ሊመሰክር የሚችል አካሉ ተራግፎ፣
ነጭ ሥጋ ብቻ፣ የመዳፌን ያህል፣
«ማነህ?» ብለው ቢጠይቁት አንዳች የማይል።

ወረቀቱ ግን አፍ አለው፣ ማኅተም አለበት፦
«ሜርሉሳ ነው» ይላል፣ «የጋሊሲያ ጥልቀት፤
በትንሽ ጀልባ፣ በመንጠቆ፣ ትናንት የተያዘ።»
ዋጋውም ስሙን አምኖ ሽቅብ የተጓዘ።

ቪጎ ላይ ይዘንባል። የወደቡ ክሬን ቆሟል እንደ ሽመላ።
ኡሺያ ከጎኔ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ሰዓቷ ሳይሞላ።
በመቆንጠጫ ጫፍ የምስር ፍሬ ታህል ቆንጥሬ ወሰድሁ፣
ከቱቦ ጨመርሁት፣ ሁለት ጠብታ ጣልሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ።
በሃምሳ ስድስት ዲግሪ ሌሊቱን ሲሟሟ
ጠዋት ውሃ መስሎ ጠበቀኝ፣ ድምፅ ሳያሰማ።

ማሽኑ ያባዛዋል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣
ወሬው እስኪደራ ድረስ፣ እንደ ሰፈር ሐሜት።
ከዚያ ይነበባል። አራት ፊደል ብቻ፣
ነጥብ የለው፣ ምዕራፍ የለው፣ የለው መዳረሻ፤
አጥንት የሚለይ ቢላዋ ሊፍቀው ያልቻለ፣
በየሕዋሱ ተቀምጦ በስሙ እየማለ።

ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁት፣ ደግሜ ደጋግሜ፤
ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ኡሺያ ወጣች፣ እኔ እዚያው ቆሜ።
ሜርሉሳስ ሜርሉሳ ነው፣ ግን የዚህ ሰፈር አይደለም፤
የአጎቱ ልጅ ነው እንጂ፣ ይህን ባሕር አያውቅም በሕልም።
ከምድር ወገብ ማዶ፣ ከናሚቢያ ቀዝቃዛ ውሃ፣
አሸዋ ባሕር ከሚገባበት፣ ጭጋግ ከሚያድርበት በረሃ።

ናሚቢያ።
እጄ ቀጥ አለ።

አባቴ፣ አቬሊኖ፣ ሃያ ስድስት ዓመት
ከዋልቪስ ቤይ ወዲያ መረብ ጎትቶበታል።
ስድስት ወር በባሕር፣ ሁለት ወር ከእኛ ጋራ፤
ሲመጣ ከእናቴ ጀርባ እደበቅ ነበር፣ ጺሙን ስፈራ።
ጫማዬን የገዛው፣ የትምህርት ቤቴን የከፈለ፣
ይህን ነጭ ጓንት እስካጠልቅ እኔን ያዘለ፣
ይኸው ይህ ዓሣ ነው፣ አርባ ሦስት ቁጥር ያለበት፤
እኔ ደግሞ ነኝ ዛሬ «ሐሰት» ብዬ የምፈርምበት።

ቅጹ ሁለት ሣጥን አለው፦ «የተባለው ስም»፣ «የተገኘው ስም»፤
«ማን ዋሸ?» የሚል ሣጥን ከነጭራሹ የለም።
መርከበኛው? በረዶ ቤቱ? ቆዳ ገፋፊው?
ወይስ ያ ጅምላ ሻጭ፣ በስልክ ብቻ የሚታወቀው?
ወይስ ሚዛኗ ፊት የቆመችው፣ የተጻፈላትን አምና የጠራች?
ስም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የት እንደ ተለወጠ
ዓሣው አያውቅም። ያኔ በርዶ ነበር።

ማታ ለአባቴ አወራሁት፣ የማንንም ሱቅ ሳልጠራ።
ድንች ይልጥ ነበር፤ ልጣጩ ሳይበጠስ፣ ገመድ ሆኖ፣ እስከ ጉልበቱ።
«እና ምን ብለው ሸጡት?»
«የእኛ ባሕር ነው ብለው።»
ሳቀ። ከዚያ ሳቁን መሐል ላይ ተወው።
የግራ እጁን አየ፣ ሁለት ጣት የጎደለውን፣
እዚያው ውሃ ላይ፣ በብረት ገመድ፣ ያስቀረውን።
«ጥሩ ዓሣ ነው፣ ሳቤላ» አለ።
«በራሱ ስም ቢሸጥ ምን ይጎድልበት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ድንቹ ፈላ።

ጠዋት ፈረምሁ። ሕግ ሕግ ነው፤ የተባለው አልተገኘም።
በሁለተኛው ሣጥን ግን እንደ ወትሮው አላሳጠርሁም፤
ሜርሉሲዩስ ካፔንሲስ፣
ሁለቱንም ቃል፣ ፊደል ሳልዘልል፣
የክርስትና ስም እንደሚጻፍ፣ በእጄ ጽሑፍ።
ኡሺያ አየችኝ፤ ምንም አላለች።

አርባ አራት ደርሷል፣ በረዶው እየቀለጠ፤
«ኦክቶፐስ ነኝ» ይላል፣
ክንድ የሌለው።